እንዴት ይሠራል? ቀይ ዛፍ በጠባብ ግቢ

የጃፓን ሜፕልን በፎቶግራፍ ያየ ሰው «ግቢዬ ብተክለውስ?» ማለቱ አይቀርም። ቁመቱ አይበዛም፤ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ፍም ይመስላል። ቅጠሉን የሚያቀላው ግን ዘሩ ብቻ ሳይሆን አገሩም ነው። ቶክዮ ላይ ረጅሙ ቀን አጭሩን ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይበልጠዋል፤ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ባለው ግሸን ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ሜፕል ከቅጠሉ ናይትሮጅን ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ይፈርሳል፤ በቅጠሉ ከቀረው ስኳርም በፀሐይ ብርሃን አንቶሲያኒን የተባለው ቀይ ቀለም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ወራት የሚዘልቅ ብርድ ያስፈልገዋል፤ ተኝቶ ካልከረመ እንቡጡ በወጉ አይፈነዳም። የግሸን ብርድ ደግሞ የሌሊት ነው። ሲቆረቁር ያደረ መሬት እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል፤ ሜፕል የሚተኛበት ጊዜ አያገኝም።

ቀይ ለሚወድ ሰው የእኔ ምርጫ ማገዶ ብለን የምንንቀው ክትክታ ነው። በወሎ ተዳፋቶች፣ ድንጋያማ መሬት ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ በአብዛኛው ከጥቂት ሜትር አይዘልም። ውበቱ ያለው ፍሬው ላይ ነው። ፍሬው ስስ ክንፎች ያሉት ትንሽ ከረጢት ሲሆን ክንፎቹ መጀመሪያ አረንጓዴ ናቸው፣ ከዚያ ጫፋቸው ይቀላል፣ በመጨረሻም ሙሉው ወይን ጠጅ ይሆናል። ሲደርቅ ነፋስ ይዞት የሚሄደው በእነዚሁ ክንፎች ነው። ታዲያ ክትክታ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ስለዚህ አንድ ብቻ መትከል ዕድልን መሞከር ነው፤ ሦስት አራት ይተከል።

ዘሩ ጥቁር ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። ሙቅ ውሃ ተደርጎበት እዚያው እየቀዘቀዘ ይደር፤ በማግስቱ ይዘራ። ችግኙ ክረምት ሲገባ፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ወደ ግቢ ይወርዳል። ጉልበት ሲደርስ ጫፉ ይቆረጥ። ጫፉ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች እየላከ የጎን እንቡጦችን ያፍናቸዋል፤ ሲቆረጥ እነሱ ይነቃሉ፣ ተክሉም ወደ ላይ ከመሮጥ ይልቅ ይንሰራፋል።

ከፍ ባለው ደጋ ኮሶ አለ። የእሱም ቀይ የአበባ ዘለላ የሴቷ ነው፤ ነገር ግን እስከ 20 ሜትር ስለሚያድግ ለጠባብ ግቢ አይሆንም።

አንድ ነገር አደራ፦ ከገደል ዳር ችግኝ ነቅላችሁ አታምጡ። የአምባሰልን ተዳፋት አፈር የያዘው የእነዚህ ቁጥቋጦዎች ሥር ነው፤ ዘሩን ብቻ ልቀሙ።