የመድረኩ ውሃና የማሳው ዘር

ስለ ልውጠ ሕያዋን፣ ማለትም በዘረመል ምህንድስና ስለተለወጡ ሰብሎች፣ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው «ሳይንስ ያለውን ተቀበሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «መርዝ አትመግቡን» ይላል። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያዳምጥ ተማሪ ወዴት ማዘንበል እንዳለበት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ወደ ቤተ ሙከራው ከመግባታችን በፊት ወደ ቴአትር ቤት ጎራ ማለትን መርጠናል። ከ140 ዓመታት በፊት የተጻፈ አንድ ተውኔት ይህን ክርክር በምን ዐይን ልንመለከተው እንደሚገባ ያሳየናል ብለን እናምናለንና። ከዚያም ወደ ሮቤና ጎባ የስንዴ ማሳዎች እናመራለን።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከተውኔት ምን ይፈልጋል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት ጀማሪ የሚባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያ ሥራቸውን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲያቀርቡ እንስሳትን እያናገሩ የሰውን ምግባር ተችተዋል፤ ተውኔቱም ታግዷል። እንግዲህ መድረክ ከመነሻው እውነት ሲነገር ማን እንደሚቆጣና ለምን እንደሚቆጣ የሚታይበት ስፍራ ነው። ይህም ለሳይንስ ተማሪ ባዕድ ጉዳይ አይደለም።

የተበከለው ውሃ

ተውኔቱ ኖርዌያዊው ሄንሪክ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1882 የጻፈው «የሕዝብ ጠላት» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ከተማዪቱ በሽተኞች መጥተው የሚታጠቡበትና የሚያገግሙበት መታጠቢያ አቋቁማለች፤ የነዋሪዎቿም ተስፋ በእርሱ ላይ ተጥሏል። የመታጠቢያው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ስቶክማን እንግዶቹ መታመማቸውን ልብ ብሎ የውሃውን ናሙና ወደ ዩኒቨርሲቲ ይልካል። መልሱ ጥርጣሬውን ያረጋግጣል፤ ከላይ ካሉት የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወርደው እድፍ ውሃውን በክሎታል።

ዶክተሩ ከተማዪቱን ከጥፋት ስላዳነ ሕዝቡ የሚያመሰግነው ይመስለዋል። ጋዜጠኞቹና የማተሚያ ቤቱ ባለቤትም በመጀመሪያ ከጎኑ ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ከንቲባው፣ ያውም የገዛ ወንድሙ፣ ቧንቧውን እንደገና መዘርጋት ብዙ ገንዘብ እንደሚፈጅ፣ መታጠቢያው ሁለት ዓመት እንደሚዘጋ፣ ወጪውም ከግብር ከፋዩ ኪስ እንደሚወጣ ሲያስረዳ ሁሉም አንድ በአንድ ይሸሻሉ። በአራተኛው ገቢር ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢ ይመረጣል፤ ዶክተሩም ስለ መታጠቢያው አንዲት ቃል እንዳይናገር ይወሰንበታል። እርሱም በንዴት ብዙኃኑ ሁልጊዜ ስሕተተኛ ነው እያለ ሕዝቡን መዝለፍ ይጀምራል። በመጨረሻም ጉባኤው ድምፅ ሰጥቶ «የሕዝብ ጠላት» ይለዋል።

ተውኔትን ማድነቅ ማለት ጀግናውን ለይቶ ማጨብጨብ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚያጣ መጠየቅ ነው። በዚህ ዐይን ብናየው፣ ዶክተር ስቶክማን ስለ ውሃው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ውሃው የተበከለ መሆን አለመሆኑ በእጅ ብልጫ አይወሰንም። ሆኖም ከንቲባው የሚያነሣው ጥያቄም ባዶ አይደለም፤ የቧንቧውን ወጪ ማን ይሸከም የሚለውን የትኛውም ቤተ ሙከራ አይመልሰውም። የከተማዪቱ መከራ የመጣው ሁለቱ ጥያቄዎች ስለተደባለቁ ነው። ከንቲባው በወጪው ጥያቄ የውሃውን እውነት ሸፈነ፤ ዶክተሩ በውሃው እውነት የሕዝቡን የመወሰን መብት ናቀ።

በልውጠ ሕያዋን ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን ዶክተር ስቶክማን አድርገው ማየታቸው ያስገርማል። ተመራማሪው «ማስረጃ ይዤ ሳለሁ ያልተረዳ ሕዝብ ያሳድደኛል» ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ «ባለ ብዙ ገንዘብ ኩባንያዎች የሚሸፍኑትን አደጋ ስለተናገርሁ ጠላት ተባልሁ» ይላል። እኛ ግን ማን ስቶክማን ነው ከማለት ይልቅ የትኛው ጥያቄ የውሃው፣ የትኛው የቧንቧው እንደሆነ መለየት ይሻላል እንላለን።

ዋግ ሲመጣ

አሁን ከኖርዌይ መድረክ ወደ ባሌ ደጋ እንሻገር። ከሳነቴ አምባ ሥር ካለችው ጎባ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤም ወደ ሲናና ሜዳ የሚጓዝ ሰው በመኸር ወራት የሚያየው ስንዴና ገብስ ነው። በአገራችን እንዲህ ስንዴ በሰፊው የሚመረትባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው። በዚያው መጠን የስንዴ በሽታ ሲገባ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ብዙ ገበሬዎችም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞሩ። በ2013 ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሣና በደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች፣ በባሌና በአርሲ፣ ከ10,000 ሔክታር በላይ መታ። ዲገሉ በተዘራባቸው ብዙ ማሳዎች ምርቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ዛላው የቆመ፣ ፍሬው የቀጨጨ ስንዴ ይዞ የቀረ ቤተሰብ ዘሩንም፣ የማዳበሪያ ዕዳውንም፣ የልጆቹን የትምህርት ወጪም በአንድ ወቅት አጣ ማለት ነው።

የዲገሉ የግንድ ዋግ መከላከያ በዋናነት በአንድ ጂን ላይ የቆመ ነበር። እንዲህ ያለው ጂን የዋጉን አንድ ሞለኪውል ለይቶ እንደሚያውቅ የበር ጠባቂ ነው፤ ዋጉ በለውጠ ዘር መልኩን ከቀየረ ጠባቂው አያውቀውም። እስቲ ለማስረዳት ያህል በአጋጣሚ አንዱን ጠባቂ የሚያልፍ ስፖር ከሚሊዮን አንድ ነው እንበል። በታመመ አንድ ሔክታር ላይ ስፖሮች በቢሊዮን ስለሚቆጠሩ፣ አንዱን ጠባቂ የሚያልፉት በሺህ ይገኛሉ። አምስት ጠባቂዎች በአንድ ተክል ውስጥ ቢቆሙና አንዱን ማለፍ ሌላውን ለማለፍ የማይረዳ ቢሆን ግን ዕድሎቹ ይባዛሉ፤ አምስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ከ10 ኃይል 30 አንዱ ብቻ ይሆናል።

አምስት ጂኖችን በተለመደው ማዳቀል ማከማቸት ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ዓመታት ይወስዳል፤ ጂኖቹም በሚቀጥለው ማዳቀል እንደገና ይበተናሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአውስትራሊያ የሚገኙ ሳይንቲስቶች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከስንዴና ከስንዴ ዘመዶች የተወሰዱ አምስት የመከላከያ ጂኖችን በአንድ ጥቅል ወደ ስንዴ አስገብተው ተክሉ የግንድ ዋግን መቋቋሙን አሳይተዋል። ጥቅሉ እንደ አንድ ጂን ይወረሳል። ይህ የምርምር ውጤት እንጂ ሮቤ ገበያ የደረሰ ዘር አይደለም፤ በአገራችን ልውጠ ሕያው ስንዴ እንዲዘራ አልተፈቀደም። ከዓለም ግን አርጀንቲና ከሱፍ አበባ የተወሰደ ጂን ያለውን ድርቅ የሚቋቋም ስንዴ እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃለች። ስለዚህ ጥያቄው ነገ ወደ ባሌም መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ጥያቄ ሆኖ ነው።

አንደኛ፦ ቢበላ ይጎዳልን?

ይህ የውሃው ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሙከራ ይገኛል። ብራዚል ነት ከተባለው ፍሬ የተወሰደ ጂን ወደ አኩሪ አተር ገብቶ ነበር። ፍሬው አለርጂ የሚያስነሣባቸው ሰዎች ደም ሲመረመር አዲሱ አኩሪ አተርም ያንኑ ጠባይ መያዙ ታወቀ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ፤ ሰብሉም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ አደጋ ሊኖር ይችላል፤ ከተፈተሸ ደግሞ ይገኛል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከ900 በላይ ጥናቶችንና ጽሑፎችን መርምረው ባወጡት ዘገባ፣ በገበያ ላይ ያሉት ልውጠ ሕያዋን ምግቦች ከተለመዱት ይልቅ የሰውን ጤና እንደሚጎዱ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኙም። ያው ዘገባ ቴክኖሎጂው የአሜሪካን የበቆሎ፣ የጥጥና የአኩሪ አተር ምርት ዕድገት ከቀድሞው በላይ ማፋጠኑን የሚያሳይ ምልክት እንዳላየም ገልጿል። «ሁሉም መርዝ ነው» የሚለውም «ረኀብን ያጠፋል» የሚለውም ከማስረጃው አልፈው ሄደዋል። ተገቢው መንገድ እያንዳንዱን ሰብል ለየብቻው መመርመር ነው።

ሁለተኛ፦ ዘሩ የማን ነው?

ይህ የቧንቧው ጥያቄ ነው። ስንዴ በራሱ አበባ ራሱን የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ የባሌ ገበሬ ከአውድማው ዘር አስቀርቶ በዓመቱ ይዘራል፤ ከጎረቤቱም ጋር ይለዋወጣል። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባለቤትነት መብት የተመዘገበበትን ልውጠ ሕያው አኩሪ አተር ያለ ፈቃድ ዘርቶ ማራባት ለገበሬ እንደማይፈቀድ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እንዲህ ያለ ሕግ ከስንዴ ዘር ጋር ወደ ሲናና ቢመጣ የሚለወጠው የዳቦው ጤንነት አይደለም፤ የገበሬው ጎተራ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን የባለቤትነት ጥያቄ የሚነሣው በልውጠ ሕያዋን ላይ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ጤፍ ምንም የዘረመል ምህንድስና ሳይነካው አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በዱቄቱ አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያም በፊት ገብስን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን የሚያቢጭ ቫይረስ የካሊፎርኒያን ማሳዎች ሲያጠቃ፣ መከላከያው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ነባር ገብስ ነው። በዚያን ዘመን ጂኑን ለጠበቀው ገበሬ የሚከፈልበት ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። በአገራችን የማኅበረሰቦችን መብት የሚመለከተው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በተውኔቱ መጨረሻ የአንደኛው ቆዳ ፋብሪካ ባለቤት የሆኑት የዶክተሩ አማት ለልጃቸው ሊያወርሱት ባሰቡት ገንዘብ የመታጠቢያውን አክሲዮን ይገዛሉ፤ ዶክተሩ እውነቱን ከገፋበት ሚስቱ ውርሷን ታጣለች። የአክሲዮኑ ባለቤት መለወጥ የውሃውን ይዘት ግን አይለውጠውም። እንደዚሁ ኩባንያ ማትረፉ ዘሩን መርዛማ አያደርገውም፤ ዘሩ ለጤና ተስማሚ መሆኑም የኩባንያውን ውል ፍትሐዊ አያደርገውም።

ሦስተኛ፦ ማን ይወስናል?

በዚህ ጥያቄ አገራችን ድምፅዋን አሰምታለች። የዕፅዋት ሊቁ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካን ቡድን እየመሩ ባደረጉት ብርቱ ድርድር የካርታጌና ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥር 2000 በሞንትሪያል ጸደቀ። ስምምነቱ አንድ አገር ልውጠ ሕያው ከመግባቱ በፊት መረጃ አግኝቶ የመወሰን መብት ይሰጣል፤ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት ባይሟላም ጥንቃቄ ማድረግን ይፈቅዳል። ዶክተር ተወልደብርሃን በ2023 ዐረፉ፤ ስማቸው ግን ከዚህ መብት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

በአገር ውስጥም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ ሆኖ ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ለምርምር በሩ ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጓይ ትልን የሚቋቋም ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ፤ ድርቅንና አገዳ ቆርቁርን የሚቋቋም በቆሎም በተከለለ ማሳ ተሞክሯል። አንዳንዱ ማሻሻያውን ዕድገት ይለዋል፤ ሌላው መሸነፍ ይለዋል። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር በውሳኔው ጉባኤ ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው።

ውሳኔው ከሳይንሱ ጋር የሚገናኝበት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከላይ ያነሣነው የአምስቱ ጂኖች ስሌት የሚሠራው ከአምስቱ አንዱ ብቻውን በሌላ ዝርያ እየተዘራ ዋጉ ጠባቂዎቹን በተራ እንዲለምዳቸው ካላደረግን ነው። ይህንን ደግሞ ቤተ ሙከራ አያስጠብቅም፤ የዘር ድርጅቶች፣ የምርምር ማዕከላትና ገበሬዎች ተስማምተው እንጂ። ያልተጠየቀ ገበሬ የማያውቀውን ደንብ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ሕዝብን ማማከር ለሳይንሱ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን የሳይንሱ ውጤት የሚቆምበት መሠረት ነው።

ጀርመናዊው አዘጋጅ ቶማስ ኦስተርማየር ይህንኑ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያቀርብ በአራተኛው ገቢር የአዳራሹ መብራት ይበራና ተመልካቹ ራሱ በስብሰባው እንዲናገር ይጋበዝ ነበር። የሮቤና የጎባ ተማሪዎች የቴአትርና የሳይንስ ክበቦችም ይህን ገቢር በራሳቸው ቋንቋ አዘጋጅተው፣ ከመታጠቢያው ውሃ ይልቅ ዋግን የሚቋቋም ስንዴን የመከራከሪያ ጉዳይ አድርገው ቢያቀርቡት መልካም ነው። የዘር ተመራማሪው፣ ገበሬዋ፣ ነጋዴውና የሕግ ባለሙያው ይናገሩ፤ ማንም ዝም እንዲል አይወሰንበት። አድማጩም እያንዳንዱ ተናጋሪ ሲጨርስ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ የተነገረው ስለ ውሃው ነው ወይስ ስለ ቧንቧው? ስለ ውሃው ከሆነ ማስረጃ ይቅረብ፤ ስለ ቧንቧው ከሆነ ከፋዩ ይጠየቅ።