ከእቴጌ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ግል፦ ጣይቱ ሆቴል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛታል። በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ምኒልክና የጣሊያኑ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል ተፈራረሙ። የውሉ አንቀጽ 17 ጠብ ሲያስነሣ አንቶኔሊን ፊት ለፊት የተጋፈጡት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። እኚሁ እቴጌ ከዐድዋ ድል ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፣ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል አቆሙላት።

ቤቱን መሥራት ቀላሉ ነገር ነበር፤ ጭንቁ ሰው ማስገባቱ ላይ ነው። ጠጅ ቤት ድሮም አለ፤ እንጀራ አብልቶ ሒሳብ መቀበል ግን ነውር ነው። መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይጠራል፤ ባላባቱ ቤተ መንግሥት ግብር ይገባል። ታዲያ ሆቴል ሄዶ ማን ከፍሎ ይብላ? ምኒልክ ራሳቸው ባለሟሎቻቸውን ይዘው እየሄዱ ይጋብዙ ነበር ይባላል። ንጉሠ ነገሥት ሒሳብ ከፍሎ ያስተዋወቀው ምግብ ቤት ሌላ የት አለ?

በ1902 ዓ.ም. ጣይቱ ከሥልጣን ገለል ሲደረጉ ሆቴሉም ያለ እመቤቱ ቀረ። የውጭ አገር ሰዎች ተረከቡት፤ በግሪኮች እጅ ሳለ «ኢምፔሪያል» ተባለ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የውጫሌን ውል የተቃወሙት እቴጌ ቤትም ወራሪው በያዘው ከተማ ውስጥ ቀረ። ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ደግ ነው እላለሁ፤ ጣይቱ ያረፉት በ1910 ዓ.ም. ነው። በኋላ የእቴጌነት ስሙ ተመለሰለት፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያም ወደ ግል ዞረ።

ዛሬ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሰማው የእንጨቱ ወለል ሲጢጥ ማለቱን ነው። ሰፊው የእንጨት ደረጃ፣ ከፍ ያለው ጣሪያ፣ አዳራሹ፤ ቤቱ ብዙ ተጠግኗል፣ ብዙም አልተለወጠም። ቀትር ላይ የጾም ቡፌው ይዘረጋል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የጾም ቀን ባይሆንም። ከውጭ የመጡ ሥጋ የማይበሉ እንግዶች ይህን ቡፌ ፈልገው ይመጣሉ።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ጃዝ አምባ የተባለውን የሙዚቃ ቤት ጨምሮ የግቢውን ከፊል በላ። ሆቴሉ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱም እሱ ሳይፈርስ ቀርቷል።