የሥነ ምድር ምሩቃንና የበርሜል ዋጋ

ቡና የተከለ ሰው ፍሬውን ለመልቀም ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ዋጋው በናረበት ዓመት ሁሉም ከተከለ፣ ፍሬው በአንድነት ሲደርስ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከዚሁ ሥርዓት የማያመልጥ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ነገሩ እጅግ ጐልቶ የታየው ጂኦሎጂ በሚባለው የሥነ ምድር ትምህርት፣ ያውም በአሜሪካ አገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ1973 መጨረሻ የዐረብ አገሮች ነዳጅ ዘይታቸውን በከለከሉ ጊዜ፣ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በ1979 የኢራን አብዮት ሲደርስ እንደ ገና ናረ። የዘይት ኩባንያዎች ምድርን የሚመረምር ባለሙያ ፍለጋ እስከ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ድረስ ዘለቁ። ወጣቱም ደመወዙን እያየ ወደ ሥነ ምድር ክፍል ጐረፈ። በ1985 መጨረሻ 30 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል ግን ሳዑዲ ዐረቢያ ምርቷን ስትጨምር በ1986 አጋማሽ ወደ 10 ዶላር ወረደ። ኩባንያዎቹ ነባሩን ሠራተኛ ማሰናበት ሲይዙ፣ ትምህርቱን በደኅናው ቀን የጀመረው ወጣት ዲግሪውን ይዞ ከተዘጋ በር ደረሰ።

ብዙ ሰው ጉዳቱ በዚህ ያበቃ ይመስለዋል። እኔ ግን የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው እላለሁ። ተማሪው ከትምህርቱ ሸሸ፤ ቅጥሩም ለብዙ ዓመታት ቀዘቀዘ። ከ2000 በኋላ ዋጋው ሲያንሰራራ በየኩባንያው የተገኙት ጡረታ የተቃረቡ አዛውንቶችና ገና ጀማሪዎች ነበሩ፤ ሥራውን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፈው የመካከለኛ ዕድሜ ባለሙያ ጥቂት ሆነ። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ሲወርድ የማሰናበቱ ነገር ዳግመኛ ተፈጸመ። ዕቃው ወደብ በሚደርስበት ወር ገበያው ምን እንደሚመስል ሳይገምት የሚያዝዝ አስመጪ ቢኖር በእኛ ዘንድ መሳቂያ ይሆን ነበር፤ እነዚያ ታላላቅ ኩባንያዎች ግን በሰው ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የችግሩ ሥር ገዢው አንድ መሆኑ ነው። በአገራችን የሥነ ምድር ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዘይት ብቻ አይደለም። የጕድጓድ ውሃ የሚያስቈፍር፣ ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ የሚፈልግ፣ የሕንፃና የግድብ መሠረት የሚያስጠና ሁሉ ደንበኛው ነው። በአሉቶ ላንጋኖ ከምድር እንፋሎት መብራት ለማውጣት የተደከመውም በዚሁ ሙያ ነው። ከ2008 ወዲህ ለገበያ የወጣውን የወገል ጤናን ኦፓል ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም ድንጋዩን ከምንጩ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖረው ይጠቀማል።

በጸሓፊነቴ የሥራ ማመልከቻ ስቀበል ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን አመልካቹ በእጁ የሠራውንም እመለከታለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከላይ በተጠቀሱት ሥራዎች የተሰማራ ነጋዴ በየክረምቱ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ለልምምድ ቢቀበል፣ ገበያው በቀዘቀዘበት ዓመትም ባያቋርጥ፣ ወጪው አበልና መጓጓዣ ብቻ ነው። ደብዳቤው ለዩኒቨርሲቲው ክፍል ከሚያዝያ በፊት ቢደርስ መምህራኑ ተማሪውን ለመምረጥ በቂ ጊዜ ያገኛሉ።