በአራዳ መንገድ ዳር ስለሚሸጠው መብል

በሬዲዮ ተሰምቶ ዛሬ በዚህ ዓምድ በሚታተመው ንግግሬ ልገልጽላችሁ ያሰብሁት ነገር በመልኩ ትንሽ ነው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ፣ በተለይም በአራዳና በፒያሳ መንገድ ዳር ስለሚሸጠው መብል ነው። ይሁን እንጂ ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ነገሩ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በካይሮ ከተማ መንገደኛው ኮሸሪውን በሳሕን ተቀብሎ እንደ ቆመ ይበላል። በሌጎስ ሱያ የሚባለው ሥጋ በፍም ላይ እየተጠበሰ ለአላፊ አግዳሚው ይሸጣል። በባንኮክ ደግሞ ሙሉ እራት ከነመረቁ በእግረኛው መንገድ ላይ ይቀርባል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በመንገድ የሚሸጥ ምግብ በየቀኑ የሚበላው የዓለም ሕዝብ 2.5 ቢሊዮን ያህል ይደርሳል። እኛስ በእንጀራችንና በወጣችን የምንኮራ ሕዝብ ሆነን ሳለ፣ ከጊዮርጊስ ተነሥተን እስከ አራት ኪሎ ብንሄድ፣ በገላጣ ስፍራ ትሪ ዘርግቶ «ኑ ወጥ ብሉ» የሚል ሻጭ የማናገኘው ስለ ምንድር ነው? የምናገኘው ቆሎ ነው፤ ለውዝ ነው፤ በክረምት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ በማናቸውም ጊዜ የተቀቀለ ድንችና ሳንቡሳ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ምክንያቱን ለማግኘት ከመንገዱ ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ እንጀራ የሚበላው እጅ ታጥቦ፣ በገበታ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ከሌላው ጋር በአንድነት ነው። በሚበላበት ጊዜ ሰው የደረሰበት ሁሉ «እንብላ» የማለት ግዴታ አለበት። የመጣውም ሰው ከፈለገ ይቀርባል፤ ካልፈለገ «ይብሉ» ብሎ ያልፋል። እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በአደባባይ መካከል ቆሞ የሚበላ ሰው ለስንቱ መንገደኛ «እንብላ» ሊል ይችላል? ዝም ቢል ንፉግ ነው፤ ሁሉን ቢጋብዝ ደግሞ የሚጎርሰው አይተርፈውም። የሰው ዓይን መፍራትም አለ። ልጅ በደጅ ሲበላ ያዩ አሮጊቶች «ግባ፣ ዓይን እንዳይበላህ» እያሉ ወደ ውስጥ መስደዳቸውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። ዛሬም ቢሆን ለግንበኛና ለቀን ሠራተኛ ፍርፍርና ሽሮ የሚሸጡት እናቶች አስቀድመው የሚያዘጋጁት ነገር ሸራ ነው። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት የሚበላው ሰው መከለል አለበትና።

በገንዘብ ከቤት ውጭ መብላት ራሱ እንግዳ ነገር የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ ለመብል ሒሳብ መክፈል ነውር ሆኖ ስለ ታየ መኳንንቱ እንደ ሸሹት፣ አፄ ምኒልክም ራሳቸው ገብተው በመብላት እንዳለማመዷቸው ይተረካል። ንጉሠ ነገሥት አለማማጅ ያስፈለገው ጣራና ግድግዳ ላለው ቤት ነው፤ የመንገዱማ ነገር እንዴት በሆነ ነበር!

ቆሎ ግን ከዚህ ሁሉ ሕግ ነጻ ነው። ቆሎ የገበታ መብል አይደለም፤ ስንቅ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቆሎ ከጥንት ጀምሮ የዘማችና የነጋዴ፣ የመንገደኛም ምግብ ናቸው። ከአገሩ ርቆ ትምህርት የሚፈልገውም ደቀ መዝሙር «የቆሎ ተማሪ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ልማድ አላፈረሰም፤ ይልቁንም ልማድን ይዞ ይሄዳል። «እንብላ» የሚለውም ግዴታ ከቆሎ ጋር ሲሆን ቀላል ነው። በታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው የማታውቁት ሰው ቆሎውን ሲከፍት «ዘገን ያድርጉ» ይላችኋል፤ እናንተም ጥቂት ፍሬ ታነሣላችሁ፤ ሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ባለ ቆሎውም አልከሰረ። ከቢሮ ወደ ቤቱ የሚጓዘው የከተማ ሰው፣ ጉዞው ምንም ቢያጥር፣ ስንቅ የሚሸጥለት አገኘ ማለት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ታላቁ ገበያዋ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ ነበረ። ገበያ ባለበት ከሩቅ የመጣ የተራበ ሰው አለ፤ የተራበ ባለበትም ሻጭ አይጠፋም። ነገር ግን ጥቂት ጥቂቱን ለመሸጥ ጥቃቅን ገንዘብ ያስፈልጋል። የማርያ ቴሬዛው ጠገራ ብር ለእፍኝ ቆሎ እጅግ ትልቅ ነበረና እንደ ዝርዝር ሆኖ ብዙ ጊዜ ያገለገለው አሞሌ ጨው ነው። በኋላ ቤሳ መጣ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ብሩ በ100 ሳንቲም ተመንዝሮ በወጣ ጊዜ ግን ለመንገድ ዳር ሻጭ ዋናው በር ተከፈተላት። አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲም፣ ስሙኒና ሽልንግ በልጅም በድኻም ኪስ ይገኙ ነበርና፣ እያንዳንዳቸው ልክ የሆነ የቆሎ መስፈሪያ ነበራቸው። በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር ደጅ ሻጮቹ ለውዙን በአሮጌ ደብተር ወረቀት ጠቅልለው ይሰጡን እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ ለውዙ ሲያልቅ የማናውቀውን ልጅ የሒሳብ ስሕተት እናነብ ነበር።

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነጭና ጥቁር እንዳይደባለቅ ብለው ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰዱት። ለቀረው ስፍራ ፒያሳ የሚለውን ስም ተዉለት፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። ትልቁ ገበያ ሄደ፤ ትንሹ ግን በአገሬው ሰው እጅ ከነጻነት በኋላ በሲኒማው፣ በቡና ቤቱና በውቤ በረሃ ጠጅ ቤት ደጅ ተመልሶ በቀለ።

ከነውሩና ከሳንቲሙ በላይ የአራዳን የመንገድ መብል የቀረጸው ግን የሃይማኖት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመን ሁሉ የታዘዘው ጾም ቢቈጠር በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። ደግሞም በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ የሥጋ ቤቶቻችን ምልክትም ይህንኑ ይናገራል። እንግዲህ በፒያሳ መንገድ ሥጋ ጠብሶ የሚቆም ሰው ቢኖር፣ በዓመቱ እኩሌታ ክርስቲያኑን፣ በዓመቱ ሁሉ ደግሞ ከሁለቱ ወገን አንዱን ያጣል። የበኒ መስጊድና የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይራራቁበት ሰፈር እንዲህ ያለ ንግድ እንዴት ይቀናል? ቆሎ የሚሸጥ፣ ድንች የሚቀቅል፣ በምስር የተሞላ ሳንቡሳ የሚጠብስ ግን ማንንም አያጣም። ያው ሳንቡሳ በሁዳዴ የጾመኛ ክርስቲያን ምሳ ነው፤ በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ የሙስሊሙ ማፍጠሪያ ነው። በሠርግና በተስካር ለየብቻ በሬ የሚጥሉ ጎረቤታሞች በመንገድ ዳር ከአንድ ሣጥን ይገዛሉ። ከዚህ ደንብ የሚወጣው አመሻሽ ላይ የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ የሚሸጠው ልጅ ነው፤ እርሱም ሁዳዴ ሲገባ ጭንቅ ነው።

ከውጭ አገር የመጣውም መብል ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ሥር አድሯል። በቆሎ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን «የባሕር ማሽላ» የሚለው ስሙ ይመሰክራል። ድንችን በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው ይባላል። ሳንቡሳ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል የደረሰን ነው፤ ቦንቦሊኖ ደግሞ የጣሊያን ነው። ዛሬ ወጣቶቹ የሚወዱት «እርጥብ» በዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንችና አዋዜ ነው። አንዱም ሥጋ የለበትም፤ ሁሉም በአንድ እጅ ይያዛል።

አሁን ወደ ሻጯ እንመለስ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናትና። ቆሎ ሻጭ ገብሱን ጥሬውን ትገዛለች፤ ትለቅማለች፤ በውሃ አርሳ በሙቀጫ ትፈትጋለች፤ አስጥታ በብረት ምጣድ ትቆላለች። ይህ ሁሉ የሌሊትና የማለዳ ሥራ ስለ ሆነ ገዢው አያየውም። ድካሙ ብዙ ቢሆንም ንግዱን የሚያስመርጥ አንድ ጥቅም አለው፤ ዛሬ ያልተሸጠ ቆሎ ነገ ይሸጣል። ድንች ቀቃይዋ ግን ዝናብ ሰውን ከመንገድ ካባረረው የዚያን ዕለት ገንዘቧን ታጣለች። በቆሎ ጠባሿም ከነምድጃዋና ከነፍሟ ናት፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ቆሎ ሻጯ ቅርጫቷን አንሥታ ስትሄድ፣ እርሷ እሳት ይዛ መሮጥ አትችልም።

ስለ ጤናም ጥቂት ልበል። ደረቅ የተቆላ እህል እርጥበት ስለሌለው ረቂቃን ተሕዋስያን ሊራቡበት አይችሉም፤ ስለዚህ ከመንገድ መብል ሁሉ የሚታመነው ቆሎ ነው። ሳንቡሳም ከዘይቱ በወጣበት ሰዓት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት የቆየው፣ ዘይቱም ደጋግሞ ከመፍላት የተነሣ የጠቆረው ነው። ለውዝ ግን ሲገዛ መመልከት ያሻል። በእርጥብ ስፍራ የተከማቸ ለውዝ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታውም ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መርዙም በመቁላት ፈጽሞ አይጠፋም። የጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሚመረውን ፍሬ ከአፍ መትፋት ነውር አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የቆዩ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራቱም አማረ። የፒያሳው አትክልት ተራም ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሮ ነበርና፣ ድንችና ሙዝ ከደጃፏ ትገዛ ለነበረችው ሴት ገበያው ራቀባት። እኔ የመንገዱን መስፋት አልጠላም፤ ሽማግሌ የሚሄድበት ስፍራ ተገኝቷልና። ነገር ግን ሰፊ መንገድ ሻጭን የግድ ማስወጣት አለበት የሚለውን አሳብ አልቀበልም። ሲንጋፖር የመንገድ ምግብ ሻጮቿን ውሃና ማብሰያ ወዳለው አዳራሽ አስገብታ፣ ይኸው ልማዷ በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፈላት። ሕንድ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመሸጫውን ቦታ የሚወስነው ኮሚቴ ከአባላቱ ከመቶ 40 ያላነሱት ራሳቸው ሻጮች እንዲሆኑ አዝዛለች። በአራዳም እንዲሁ ቦታና ሰዓት ተለይቶ ቢሰጣቸው፣ ቅርጫትና ምድጃ የሚወስደው ስፍራ አንድ አግዳሚ ወንበር ያህል ነው።

በቅርቡ አመሻሽ ላይ ከጊዮርጊስ በታች አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት አግኝቼ፣ ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ ንግዱ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ከከተማው ዳርቻ በሁለት ታክሲ እንደሚመጡ ነገሩኝ። «እዚያው በአዲሱ ሰፈርዎ ለምን አይሸጡም፣ እናቴ?» ብላቸው፣ «ጋሼ፣ ቆሎውማ የትም ይቆላል፤ የሚያውቀኝ ሰው ነው የሌለ» አሉኝ። ለካ ንብረታቸው ቅርጫቱ አልነበረም፤ ገንዘብ ባይኖረው «ነገ ትሰጠኛለህ» የሚሉት፣ እርሱም የማይቀርባቸው ደንበኛ ነው። እርሱም አሁን ተበትኗል፤ ጥቂቱ ግን በዚሁ መንገድ ወደ ሥራው ያልፋል፤ ሁለት ታክሲ የሚያስከፍላቸው ይህ ጥቂቱ ነው።

ሁለት መስፈሪያ ገዛሁ። ሰፍረው በፌስታል ከጨመሩልኝ በኋላ እጃቸውን ወደ ቅርጫቱ መልሰው አንድ እፍኝ ደገሙልኝና «ይኸ ምርቃቱ ነው» አሉኝ። እኔም ፌስታሉን ከፍቼ «ዘገን ያድርጉ» ብላቸው ሳቁ፤ ከራሳቸው ቆሎ ሦስት ፍሬ አነሡልኝ።