ጥሬው ፎቶግራፍ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?

ባለፈው ዓመት መጽሔታችን ታትሞ በወጣ ሰሞን፣ በወላጆች ቀን አንዲት እናት የተመራቂዎቹን ፎቶግራፍ ገልጠው ጣታቸውን በፊቶቹ ላይ እያንቀሳቀሱ፣ «ልጄ፣ የእኔዋ የት ነው የቆመችው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጃቸው በመጨረሻው ረድፍ ከዛፉ ሥር ቆማ ነበር፤ ነገር ግን በፊቷ ላይ ከጥቁር ጥላ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ፎቶግራፉን ያነሣሁትም ያሰናዳሁትም እኔ ስለ ነበርሁ መልስ አጣሁ። ይህን አጭር ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ጥሬ ፎቶግራፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባኛል። በካሜራ ውስጥ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ የብርሃኑን መጠን ይለካል እንጂ ቀለሙን ለይቶ አያውቅም። ቀለም የሚገኘው በነጥቦቹ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ስለ ተደረደሩ ነው። በብዙዎቹ ካሜራዎች የሚሠራበትን አደራደር ያሰበው በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራይስ ቤየር ነው፤ የፈጠራ መብቱም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚህ አደራደር ከአራት ማጣሪያዎች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱም ሰማያዊ ናቸው። እንግዲህ ጥሬ ፋይል የሚባለው ይህ ልኬት ምንም ሳይነካ እንዳለ የተመዘገበበት ነው።

ጄፔግ የሚባለው የተለመደው ፋይል ግን የበሰለ ነው። በጄፔግ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለም በ8 ቢት ስለሚጻፍ፣ ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው። በ14 ቢት የሚመዘግብ ካሜራ ጥሬ ፋይል ግን 16,384 ደረጃ አለው። ከዚህም በላይ ጄፔግ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። እንጀራ አንድ ጊዜ ከምጣድ ከወጣ በኋላ ወደ ሊጥ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ጄፔግም ተመልሶ ጥሬ ሊሆን አይችልም።

እኛ በክበባችን የምንሠራባቸው ፕሮግራሞች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ጥሬውን የሚያበስለው ዳርክቴብል ይባላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ የሚያርመው ደግሞ ጊምፕ ይባላል፤ እርሱም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የብርሃኑን መጠን፣ የቀለሙን ሚዛን፣ የጥላውን ጥልቀት ማስተካከል የዳርክቴብል ሥራ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የተጋረደን የመብራት ሽቦ ማጥፋት፣ ሁለት ፎቶግራፎችን ማጋጠም፣ ስም መጻፍ የጊምፕ ሥራ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ በሚገባ ሊተካ አይችልም፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አለበት። ጉዳቱ የሚደርሰውም በዚሁ መሻገሪያ ላይ ነው።

የእኔ ስሕተት ይህ ነበር። ከተማሪዎቹ በስተኋላ ሰማዩ እጅግ ብሩህ ስለ ነበረ፣ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሥዕሉን አጨለመው። እኔም ጥላውን በዳርክቴብል ሳላነሣ፣ በችኰላ ጄፔግ አድርጌ ወደ ጊምፕ ወሰድሁት። እዚያ ፊቶቹን ለማብራት ስሞክር ደረጃው አልበቃ አለ፤ ጉንጫቸው የጭቃ እድፍ የመሰለ ነጠብጣብ አወጣ፤ ሰማዩም እንደ ደረጃ በግልጽ መስመር ተከፋፈለ። ሠርቼ በዘጋሁ ቍጥርም በጄፔግ እንደገና ስለማስቀምጠው ጥራቱ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጬ ፊቶቹን እንደ ጨለሙ ተውኋቸው።

አሁን የተማርሁት ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የብርሃንና የቀለም ሥራ ሁሉ ከመሻገሪያው በፊት በዳርክቴብል ይፈጸም። ዳርክቴብል ጥሬውን ፋይል ፈጽሞ አይለውጠውም፤ ያዘዝነውን ሁሉ ኤክስ ኤም ፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ከጎኑ ይጽፋል። ስለዚህ ያልተስማማንን ትእዛዝ በማናቸውም ጊዜ መሰረዝ እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፉ በ16 ቢት ቲፍ ሆኖ ይሻገር። ቲፍ ደረጃዎቹን ሳይጥል ያስተላልፋል። ዋጋው ግን የቦታ ብዛት ነው፤ 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሥዕል ሳይታመቅ 144 ሚሊዮን ባይት ያህል ይይዛል። ጊምፕ በ16 ቢት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 2.10 ከተባለው እትም ወዲህ ስለ ሆነ፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው አስቀድሞ እትሙን ይመልከት።

ሦስተኛ፣ የቀለሙ መግለጫ አብሮ ይሂድ። ይህ መግለጫ እያንዳንዱ ቍጥር የትኛውን ቀለም እንደሚያመለክት የሚናገር ነው። ጊምፕ ቲፉን ሲከፍት መግለጫው እንዳለ ይቈይ ወይስ ይለወጥ ብሎ ቢጠይቅ፣ እንዳለ ይቈይ ማለት ይሻላል። መግለጫው ከጠፋ የሰው ፊት ሊገረጣ ወይም ከልክ በላይ ሊቀላ ይችላል።

አራተኛ፣ በጊምፕ የተሠራው ሥራ ኤክስ ሲ ኤፍ በተባለው በራሱ በጊምፕ ፋይል ይቀመጥ፤ ንብርብሮቹ ሳይዋሐዱ የሚቈዩት በዚያ ነው። ጄፔግ ካስፈለገ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይውጣ። ጥሬው፣ ቲፉና የጊምፑ ፋይል አንድ ቍጥር ተሰጥቷቸው በአንድ ፎልደር ቢቀመጡ ፈላጊ አይቸገርም።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ወደ ጊምፕ የተሻገረው ቲፍ ጥሬ አይደለም። ከተሻገረ በኋላ በዳርክቴብል የምናደርገው ለውጥ አይከተለውም፤ ብርሃኑን እንደገና ማስተካከል ብንሻ ከጥሬው ተነሥተን መሻገሪያውን እንደገና ማለፍ ይኖርብናል። እንደዚሁም ጥሬ ፋይል ተአምር አይሠራም። በጥላ ውስጥ ያለውን ማውጣት ይቻላል፤ ሴንሰሩ ከሚችለው በላይ በርቶ ፍጹም ነጭ የሆነውን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ደግነቱ የዚያን ቀን ጥሬ ፋይል አልደመሰስሁትም ነበር። በዚህ ዓመት የዕረፍት ጊዜ ከዚህ በላይ በጻፍሁት መንገድ እንደገና ሠራሁት። ከዛፉ ሥር የቆሙት ሰባት ተማሪዎች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩ፤ ያቺም ልጅ ለካስ እየሣቀች ነበር። አንድ ቅጂ አሳትሜ ለእናትየዋ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ለብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፣ «እንዲህ ስትሥቅ ነው የተነሣችው እንዴ?» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚመጣው ዓመት ይህን መጽሔት የምታሰናዱት እናንተ ናችሁ። ካሜራችሁን በጥሬ ፋይል እንዲመዘግብ አድርጉት፤ በመሻገሪያው ላይ አትቸኵሉ፤ መጽሔቱ ታትሞ ወጣ ብላችሁም ጥሬውን አትደምስሱ። ልጁን ፈልጎ ያጣ ወላጅ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ፣ የምትመለሱበት ነገር በእጃችሁ ይኖራልና።