የፕሮቲን ዱቄት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቁጥሩን ጠርጥሩ

ጂም ስትጀምሩ «ፕሮቲን ካልጠጣህ ጡንቻ አታወጣም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው እንዴ?

ጡንቻን እንዲያድግ የሚያስገድደው ብረት ማንሳቱ ነው፤ ፕሮቲን የግንባታው ጥሬ ዕቃ ነው። ክብደት ለሚያነሳ ጤነኛ አዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል። 60 ኪሎ ከሆናችሁ 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የበላችሁትን ደምሩ፤ ዱቄቱ የሚያስፈልገው ለጎደለው ብቻ ነው።

ታዲያ የቱን እንግዛ? ማሸጊያው ላይ «25 ግራም ፕሮቲን» ቢልም የተለመደው ምርመራ ፕሮቲኑን በቀጥታ አይለካም። ናይትሮጅን ይለካና ብዙ ጊዜ በ6.25 ያባዛል። ስለዚህ እንደ ግላይሲንና ታውሪን ያሉ ርካሽ ነገሮች ቢቀላቀሉበት ቁጥሩ ያድጋል፤ ጡንቻችሁ ግን ብዙም አያተርፍም። በ2008 ቻይና ውስጥ ውሃ የገባበት ወተት ላይ ሜላሚን የተጨመረው ይህንኑ ምርመራ ለማታለል ነበር፤ ሕፃናት ሞተውበታል።

ስለዚህ የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ዌይ ወይም አኩሪ አተር ይሁን። ግላይሲን ወይም ታውሪን ካያችሁ «ለምን ገባ?» በሉ። ገለልተኛ ላቦራቶሪ የመረመረውን ምረጡ። ዌይ ከወተት ስለሚወጣ ለጿሚ የሚሆነው የአኩሪ አተሩ ነው። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ምስሩም ቢሆን ፕሮቲን ነው፤ ያውም ማስታወቂያ የሌለው።