ተስፋችን በማን ላይ ነው?

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በካኩማ የምንኖር ኢትዮጵያውያንን ሁሉ የሚነካ ነው። ስደተኛ ርስት የለው፣ ከብት የለው፤ ከአገሩ ይዞ የወጣው አንድ ነገር ቢኖር ተስፋውን ነው። ታዲያ ይህችን ያለችንን አንዲት ሀብት የት ነው ያስቀመጥናት? እስቲ ሳንተፋፈር እንነጋገር።

ስንት ጊዜ ሻንጣ አወረድን?

ይህ ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከእኛ መካከል ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ድንበር ተሻግረው፣ ዋልዳ ካምፕ ቆይተው እዚህ የደረሱ አሉ። ያኔ «ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፤ ነገሩ ሲረጋጋ እንገባለን» ይባባሉ ነበር። እነዚያ ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ አንድ ሬዲዮ ለአሥር ሰው ነበር። ማታ የአማርኛው ዜና ሲጀምር ሕፃናት ሳይቀሩ ጸጥ ይሉ ነበር። «በቃ፣ ዘንድሮ አገራችን ነን» ብሎ ሻንጣውን አውርዶ አቧራውን ያራገፈ ሰው እናውቃለን። ከምርጫው በኋላ ግን አዲስ አበባ ላይ ደም ፈሰሰ፤ እኛ እንመለሳለን ስንል ጭራሽ አዳዲስ ስደተኞች መጡልን።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እስረኞች ተፈቱ፣ በውጭ የነበሩ ፓርቲዎች ገቡ፣ ከኤርትራ ጋርም ሰላም ወረደ ተባለ። አሁንም ሻንጣ ወረደ። ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሳ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም እልል አልን፤ ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ፣ በኦሮሚያም ተኩሱ አልበረደም ነበር።

ስጋታችንም እንደ ተስፋችን በፖለቲካ ቀን ይቆረጥለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ካኩማና ዳዳብ እስከ ጁን 30 ቀን 2022 ይዘጋሉ ሲባል ስንቱ እንቅልፍ አጣ! ቀኑ መጣ፣ አለፈ፤ ካምፑ አልተዘጋም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞችን መቀበያ ስታቆም የበረራ ቀን የተነገራቸው ቤተሰቦች ቀሩ። ዕቃቸውን ሸጠው፣ ምንጣፋቸውን ለጎረቤት ሰጥተው የጨረሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ለጋሾች እጃቸውን ሲሰበስቡ ራሽኑም ተቀነሰ። የማናውቀው ሰው፣ በማናውቀው ቢሮ፣ በአንድ ፊርማ የልባችንን ሰላም ይዞ ሲሄድ አየን።

ጎረቤቶቻችን ያስተማሩን

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የደቡብ ሱዳን ወንድሞቻችንን እንመልከት። ካኩማን በመጀመሪያ የሞሉት እነዚያ በእግራቸው የመጡ ሕፃናት አስቀድመው የተሰደዱት ወደ እኛ አገር ነበር። ጋምቤላ ውስጥ በኢታንግና በፒኝዶ ካምፖች ኖረዋል። ደርግ ሲወድቅ ከዚያ ወጥተው እንደገና መንገድ ጀመሩ። የእኛ አገር መንግሥት ተለወጠ ብለን እኛ ስናለቅስ ወይም ስንደሰት፣ እነሱ ያለ እናት ያለ አባት ምድረ በዳውን ያቋርጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላም ስምምነት ተፈረመላቸው። ብዙዎች ተመለሱ። ጁላይ 9 ቀን 2011 አገራቸው ነጻ ስትወጣ ካኩማም ከእነሱ ጋር ጨፈረ። እውነት ለመናገር ቀንተንባቸዋል። ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 2013፣ በገዛ ወንድማማቾች መካከል ጦርነት ተነሳ። ስደተኛው ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2014 ካኩማ 4 ተከፈተ። በዕልልታ ከተሸኙት መካከል ልጅ አዝለው የተመለሱ አሉ።

ይህን የምንጽፈው ልንሳለቅባቸው አይደለም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀን። ነጻነት መልካም ነው፣ ባንዲራም መልካም ነው። ግን ባንዲራ የሰውን ልብ አያጥብም። አዲስ መንግሥት አሮጌ ቂም ይዞ ከተቀመጠ፣ ለስደተኛ የሚተርፈው አዲስ ካምፕ ነው።

የኤርምያስ ደብዳቤ

ወገኖች፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ስደተኛ ካምፕ አይናገርም ያለው ማነው? ትንቢተ ኤርምያስን ከምዕራፍ 27 እስከ 29 አንብቡ። ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ አለቆቹን፣ ጠራቢውንና ብረት ሠሪውን ሁሉ ይዞ ባቢሎን አፈለሳቸው። ሕዝቡ ሰሚው ሁሉ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ባይ ሆነ። ይህ ጥያቄ ከውኃ ቧንቧ ሰልፍ ላይ በየቀኑ የምንሰማው የእኛ ጥያቄ አይደለም እንዴ?

ያን ጊዜ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሳ። በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን ቀንበር ወስዶ ሰበረና በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ሁለት ዓመት! ሕዝቡ ምንኛ ደስ ብሎት ይሆን! ደስ የሚል ወሬ ማን ይጠላል? ኤርምያስ ራሱ እንደዚያ እንዲሆን አሜን ብሎ ነበር። ግን እግዚአብሔር ያልተናገረው ነበርና ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከላቸው። የደብዳቤው መንፈስ ባጭሩ ይህ ነው። ቤት ሥሩ ተቀመጡበት፤ ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ፤ ልጆቻችሁን ዳሩ፤ ያላችሁበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እሱም ጸልዩ፤ መመለሱ የእግዚአብሔር ነው፣ ሰባ ዓመት ነው። ሰባ ዓመት የሰማ ሽማግሌ አገሩን በዓይኑ እንደማያይ ያውቃል። ታዲያ ይህ እንዴት የተስፋ ደብዳቤ ሆነ?

እኛ እንደገባን እንዲህ ነው። ሐናንያ የሰጣቸው ተስፋ ዛሬን የሚያስንቅ ተስፋ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ ማን ይተክላል? ማን ልጅ ያስተምራል? ኤርምያስ የሰጣቸው ግን በዛሬው ቀን የሚያኖር ተስፋ ነው። እግዚአብሔር ኢየሩሳሌም ብቻ ሳይሆን ባቢሎንም አለ፤ ስለዚህ ሕይወት እዚያ ስትደርሱ የሚጀመር ሳይሆን እዚህም የሚኖር ነው ማለቱ ነው። በኋላ የመለሳቸው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ነው፤ እግዚአብሔር በመንግሥታት ይሠራል ማለት ነው። ምርኮኞቹ ግን ተስፋቸውን የጣሉት በቂሮስ አልነበረም።

የእኛ ሐናንያዎች

በእኛ ዘንድም ሐናንያ አልጠፋም። አንዱ በስልክ የሚመጣ ነው፤ «መንግሥት በሁለት ወር ይወድቃል» ይልና ሁለት ወሩ ሲያልፍ ቀኑን ያራዝማል። ሌላው ደግሞ በጸሎት ስም ይመጣል፤ «ኬዝሽ በዚህ ወር ያልቃል፣ አውሮፕላን ሲነሳ አይቻለሁ» ብሎ እጅ ይጭናል፣ ከዚያ ስጦታ ይጠብቃል። አንዲት እናት ለልጇ ጫማ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰጥታ፣ ወሩ ሲያልፍ «እምነትሽ ጎደለ» ተባለች። ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን ጸሎቷንም ቀማት፤ ለብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። እግዚአብሔር ሳይሆን ሰው እንደዋሸሽ አስረድተን እስክንመልሳት ብዙ ደከምን።

ስለዚህ ወገኖች፣ ቀን እየቆረጠ ተስፋ የሚሸጥ ሰው የፖለቲካም ይሁን የሃይማኖት ልብስ ይልበስ፣ ያው ሐናንያ ነው።

ተስፋ ሲሳሳት ሰው ይለያያል

ከሁሉ የሚያሳዝነውን እንናገር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እኛም እዚህ ተከፋፈልን። ዜናውን እየሰማን አንዳንዱ ሲደሰት ሌላው ይቆዝም ነበር። አብረን ቡና የምንጠጣ ሰዎች ጀበናችንን ለየን። በአንድ እድር ስም የተጻፍን ሰዎች ሰላምታ ተከለከልን። በጸሎት ጊዜ እንኳ «አገራችንን አስብ» ሲባል እያንዳንዱ በልቡ የራሱን ወገን ብቻ ያስብ ነበር።

በዚያ መሀል የአንዱ ወገን ሰው ሞተ። ድንኳን ተተከለ። ድሮ ቢሆን ቦታ አይገኝም፤ ያን ቀን ግን ግማሹ ሰው አልመጣም። ሬሳ ሲነሳ ተሸካሚ ጎደለ። እኛ ይህን የምንጽፈው ሰዎች ከሩቅ ቆመን አየን እንጂ አልቀረብንም፤ ይህን ብንደብቅ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ከዚያ ከወዲያኛው ወገን የሆኑ፣ ልጃቸው በዚያ ጦርነት ውስጥ የነበረ አንድ አባት ምርኩዛቸውን ጣል አድርገው መጡና አልጋውን በትከሻቸው ያዙ። አንድ ወጣት «አባባ፣ እርስዎ ይተው፣ አይችሉም» ቢላቸው፣ «አልችልም፤ አንተ ከቻልክ ና ያዝ» አሉት። ልጁ አፈረ፣ ያዘ። ሌላውም ቀረበ። እኛም በመጨረሻ ቀረብን።

ቀብሩ ላይ ማንም ስለ ፖለቲካ አልተናገረም። ማታ ሐዘንተኞቹ ቤት ስንቀመጥ ግን አንድ ነገር ገባን። ተስፋችንን በአንድ ወገን ድል ላይ ስናደርግ የጎረቤታችን ሐዘን ለእኛ የምሥራች ይሆንብናል። ተስፋችንን በእግዚአብሔር ላይ ስናደርግ ግን የማንም ሞት አያስደስተንም፤ እሱ የሁላችንም አባት ነውና።

ከእኛ በፊት የነበሩ አባቶች

ይህ ለእኛ ቤተ ክርስቲያኖች አዲስ ትምህርት አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነስተው ታሰሩ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ ምእመናኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የተቀበሩበትም ለቤተሰብ አልተነገረም።

እነዚህ አባቶች ተስፋቸውን በመንግሥት ላይ አድርገው ቢሆን ኖሮ ዝም ብለው መሞገስ ይችሉ ነበር። የገደላቸው መንግሥት ለዘላለም የሚኖር ይመስል ነበር፤ በ1983 ወደቀ። አጽማቸውም በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በክብር ተቀበረ። እኛ መሰደዳችን ኃጢአት አይደለም፣ ጌታችንም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ከእነሱ የምንማረው መንግሥት አላፊ፣ እግዚአብሔር ግን ቀሪ መሆኑን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«እንግዲያው ፖለቲካ ኃጢአት ነው፣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ» እያልን አይደለም። ዮሴፍ በፈርዖን ቤት አስተዳድሯል፤ ዳንኤል በባቢሎን ሹም ነበር፤ አስቴር ስለ ወገኗ ንጉሥ ፊት ቆማለች። መብትን መጠየቅ፣ ዜና መስማት፣ ለአገር ማሰብ ተገቢ ነው። ፖለቲካ ሥራ ነው፤ አምላክ ሲሆን ነው የሚጎዳን። ዜናውን እንስማ፣ ግን ልባችንን አናስረክበው።

በተግባር ግን እነዚህን ብንጀምር እንላለን። መጀመሪያ፣ «ስንሄድ ትማራለህ» ብለን ቤት ያስቀመጥነውን ልጅ ነገ ትምህርት ቤት እንላከው። ሁለተኛ፣ በር ላይ አንዲት ኒም እንትከል፤ እኛ ብንሄድ ሌላው ይጠለልባታል። ሦስተኛ፣ ለአገራችን መሪዎችም፣ ለምንኖርባት ኬንያም፣ አብሮን ለተጠማው የቱርካና ሕዝብም እንጸልይ። አራተኛ፣ እድራችንን በዘርና በፓርቲ አንከፋፍል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲቸገር እኩል እንድረስ። አምስተኛ፣ ከዜና በኋላ ስልኩን ዘግተን ከልጆቻችን ጋር አብረን እንጸልይ። ልጆቻችን ከእኛ አፍ የሚሰሙት የመንግሥታትን ስም ብቻ ከሆነ፣ በማን እንዲታመኑ እያስተማርናቸው ነው?

ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል ይላሉ አባቶቻችን። አገራችን የምንገባበትን ቀን እናውቃለን አንልም። ምናልባት እኛ እንገባለን፤ ምናልባት ልጆቻችን ይገባሉ። ሻንጣውን ግን ከእንግዲህ በየዜናው አናወርደውም። እግዚአብሔር ሂዱ ያለን ቀን ማውረድ አያቅተንም። እስከዚያው ቤቱን እንሥራበት፣ ዛፉን እንትከልበት፣ የጎረቤታችንን አልጋ በትከሻችን እንያዝበት።

ቸር ወሬ ያሰማን። ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችንም ጋር ይሁን፤ አሜን።